የአቶ ዘውገ ሴራሚክ

(በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሦስተኛ ፎቅ፣ ከተዘጋ በር ፊት ለፊት ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አቶ ዘውገ ማመልከቻቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ውድነሽ ገና ደርሰው አጠገባቸው ተቀምጠዋል።)

ውድነሽ፦ አላሳይም ነው የምትለው?

ዘውገ፦ አላሳይም። የግል ጉዳይ ነው።

ውድነሽ፦ ሦስት ቢሮ ዞሮ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት የግል ከሆነ እሺ። ታች ያለው ጥበቃ እንኳ አንብቦታል። "ቤታቸው ቅርስ እንዳይሆን የሚለምኑትን አባት ነው የሚፈልጉት? ሦስተኛ ፎቅ ናቸው" ብሎ ነው ያሳየኝ።

ዘውገ፦ ጎበዝ ነው። የደም ግፊቴ ስንት እንደሆነስ አልነገረሽም?

ውድነሽ፦ እሱን እኔ ነኝ የምነግረው፤ ከዚህ ስንወጣ ይጨምራል። ለምንድነው ስልክ የማታነሳው? አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ደወልኩልህ።

ዘውገ፦ ልጄ ጋ ደብረ ዘይት ነበርኩ። ደብረ ዘይት ኔትወርክ የለም።

ውድነሽ፦ አዎ፣ ደብረ ዘይት በረሃ ነው። ልጅህ ግን እዚያው በረሃ ውስጥ ሆኖ በመጀመሪያው ጥሪ ነው ያነሳልኝ። "አባዬ ሐይቅ ዳር ወጥቷል" አለኝ። በማግስቱ ደወልኩ፣ ሐይቅ ዳር። በሦስተኛውም ቀን ሐይቅ ዳር። ሐይቁ ካንተ ሌላ ጉዳይ የለውም ወይ?

ዘውገ፦ ሐይቅ ማየት ለደም ግፊት ጥሩ ነው ብለውኝ ነው። የጎረቤት ድምፅ ግን ተከልክያለሁ።

ውድነሽ፦ ዛሬ ጠዋት "አባዬ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጥቷል፣ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወረዳ ነው የሚሄደው" ባይለኝ ኖሮ ይሄኔ ጉዳዩን ጨርሰህ ነበር።

ዘውገ፦ ልጅ አሳደግኩ ስል ሰላይ ነው ያሳደግኩት። ለማንኛውም አትቸኩዪ፣ የሚጨርስ ሰው የለም። ኃላፊው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሏል። ስብሰባው እዚያው ከበሩ ኋላ ነው መሰለኝ፣ የሻይ ማንኪያ ድምፅ ይሰማል።

ውድነሽ፦ እንዲያውም ይቆዩልኝ። ምን ብለህ ጻፍክ? ልገምት? "በቅርስነት የተመዘገበው መኖሪያ ቤቴ ከመዝገብ እንዲሰረዝልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።"

ዘውገ፦ "በማክበር" ነው ያልኩት። ትሕትናዬ ደረጃው ላይ አልቋል።

ውድነሽ፦ "ቤቴ" ግን ብለሃል።

ዘውገ፦ አባቴ የገዛው፣ እኔ የተወለድኩበት፣ ይመኙሻልን ያገባሁበት ቤት ነው። "ቤትሽ" ልበል እንዴ?

ውድነሽ፦ "ቤታችን" በል። አራት በር በአንድ ጣሪያ፣ በአንድ ግድግዳ ተያይዞ የተሠራ ነው። መዝገቡም ላይ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ያንተ ከወጣ የእኔም፣ የጥጎቹም ሁለት ቤቶች አብረው ይወጣሉ። ከቅርስ ቢሮ የመጣችው ባለሙያ ልጅ በጣቷ እየቆጠረች ነው ያስረዳችን።

ዘውገ፦ ያቺ ልጅ በጣቷ ሳትቆጥር የምትናገረው ነገር የላትም። ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩትን ሴራሚክ ስታይማ የእግሯም ጣት አልበቃትም።

ውድነሽ፦ የቆጠረችው ስላልገባህ ነው። ከላይ የመጣው መንገድ እኛ ጋ ሲደርስ የቆመው አስፋልት አልቆበት አይደለም። መዝገቡ ነው ያቆመው። ከመዝገብ የወጣን ዕለት ቤቱ ይፈርሳል።

ዘውገ፦ በአምስት ዓመት ነው አሉ። እኔ እስከዚያ አልኖርም።

ውድነሽ፦ የታችኛው ሰፈር ሰዎችም አምስት ዓመት ነበር የሚሉት። ፋሲካን እንኳ እዚያ አልዋሉም። ዘውገ፣ እኔ ይሄን ነገር ለማን እንደምነግረው ግራ ገብቶኛል። ሴራሚኩ እንዳይነቀል ቤቱ ይፍረስልኝ ብሎ የሚያመለክት ሰው አለ ብል ማን ያምነኛል?

ዘውገ፦ አንቺ ስታወሪው እብድ እመስላለሁ። እስቲ እኔ ላውራው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ "ጣሪያው ያፈሳል፣ የማደሻ ፈቃድ ስጡኝ" አልኩ። "አባት፣ አሮጌ ቤት ነው፣ ምን ይደረግለታል" አሉኝ። ሰው ተቀየረ፣ ወንበሩ ተቀየረ፣ መልሱ ያው ነው። ከዚያ አንድ ቀን አራት ልጆች ሜትር ይዘው መጡ። ለካ አሮጌነቱ ሲበዛ ቅርስ ይባላል። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ሰባ ሲሞላኝ መጥተው ይመዘግቡኛል።

ውድነሽ፦ አንተን? ፊትህ ላይ ሴራሚክ ካልለጠፍክ።

ዘውገ፦ ቀጠልኩ። ሰሌዳ ሰቀሉ። ሰሌዳው ከተሰቀለ ጀምሮ በየሳምንቱ ሙሽሮች በረንዳዬ ላይ ፎቶ ሊነሱ ይመጣሉ። አንዷ ሙሽራ "አባባ፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልን፣ ካሜራው ውስጥ እየገቡ ነው" አለችኝ። ከገዛ በረንዳዬ። ሴራሚኩ ከተለጠፈ ወዲህ አንድ ሙሽራ ዝር አላለም። ተገላገልኩ።

ውድነሽ፦ ሙሽራ ምን ልትሆን ትመጣለች? መታጠቢያ ቤት ፊት ቆማ ልትሞሸር? እኔ ልጄን ላርስ ሐዋሳ አንድ ወር ብቆይ ነው ያን ሁሉ ጉድ የሠራኸው። ስመለስ ታክሲው ደጄ ላይ ሲቆም "ኧረ እዚህ አይደለም፣ እዚህ ክሊኒክ ነው፣ ትንሽ ወደ ፊት" ብዬ አሳለፍኩት። ወገኖቼ፣ አረንጓዴ ሴራሚክ! ያውም መሐሉ ላይ ሮዝ አበባ ያለው!

ዘውገ፦ አበባው ክሬም ነው።

ውድነሽ፦ ይቅርታ፣ ክሬም። ከሁሉ ያሳቀኝ ግን የቅርሱ ሰሌዳ ነው። ነቅለህ ስታበቃ ሴራሚኩ ላይ መልሰህ ሰቀልከው። በውሃ ልክ ተለክቶ!

ዘውገ፦ ታዲያ የት ልስቀለው? ቅርስ ነው ብለው አከበሩን፣ እኔም አክብሬ አስዋብኩት። የተከበረ እንግዳ ይመጣል ሲሉሽ ቤት አታሳምሪም?

ውድነሽ፦ ባለሙያዋ ልጅ ሰሌዳውን አይታ ሴራሚኩን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ያንተም ከበርህ ሥር ገብቶ ነበር፣ ጫፉን ስቤ አወጣሁልህ።

ዘውገ፦ የሰው ደብዳቤ ከበር ሥር ማውጣት በአንቺ ቤት ሙያ ነው።

ውድነሽ፦ ልብ ብለህ ስማኝ። የቅርስ ሰዎቹ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ መጥተው ያያሉ። ቤቱ እንደ ጥንቱ ካልተመለሰ አራቱንም በር ከመዝገብ ያወጣሉ። "አንደኛ፤ በአቶ ዘውገ ቤት የፊት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዘመን አመጣሽ ሴራሚክ ሙሉ በሙሉ ይነሳ፤ ግድግዳውም እንደ ቀድሞው በጭቃና በኖራ ይለሰን።" ሰማህ? ዛሬ ሰኞ ነው። ሁለት ቀን ነው ያለህ።

ዘውገ፦ ሐሙስም ይምጡ፣ ቅዳሜም ይምጡ። አልነቅልም። አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ እዚህ ወረቀት ላይም ጽፌዋለሁ።

ውድነሽ፦ አንተ ባትነቅለውም ራሱ እየወረደ ነው።

ዘውገ፦ ማን ነው ያለው?

ውድነሽ፦ ግድግዳው። ያንተ ግንበኛ የመቶ ዓመት ጭቃ ላይ ሲሚንቶ ለጥፎበት ሄደ። ጭቃ ደግሞ ይተነፍሳል። እኛ ስንመርገው፣ ኖራ ስንቀባው፣ የክረምቱን እርጥበት በበጋ ሲተፋው ነው መቶ ዓመት የኖረው። አንተ አፉን ዘጋህበት። ውሃው የሚወጣበት ሲያጣ ወደ ጎን መጣ፣ ወደ እኔ። አልጋዬን ከግድግዳው ካራቅኩ አንድ ወር ሆነኝ። ባለሙያዋ ልጅ መዳፏን ግድግዳዬ ላይ አስቀምጣ "ግድግዳው አልቦታል" አለች። ያንተ ደግሞ ከውጭ ሆዱን ነፍቷል። መስኮቱ ሥር እንደ ሰባት ወር እርጉዝ ወጣ ብሏል።

ዘውገ፦ ድሮም እንደዚያው ነበር።

ውድነሽ፦ ሴራሚኮቹን በጣትህ ስታንኳኳቸው ባዶ ድምፅ ነው የሚሰጡት።

ዘውገ፦ የሰው ግድግዳ ለምን ታንኳኪያለሽ? በር አለ አይደል እንዴ?

ውድነሽ፦ ሦስቱ ወድቀዋል።

ዘውገ፦ አንድም አልወደቀም።

ውድነሽ፦ ዘውገ።

ዘውገ፦ ሄደሽ ቁጠሪ። አንድም የጎደለ የለም።

ውድነሽ፦ የጎደለማ የለም። መልሰህ እየለጠፍካቸው ነው። የመስቀል ሰሞን ማለዳ ከኪዳን ስመለስ አይቼሃለሁ። ሙጫ ቀብተህ፣ በሁለት እጅህ ይዘህ፣ በግንባርህ ደግፈኸው ቆመህ ነበር። እስኪይዝ ድረስ። ነጠላዬን ጎትቼ በሌላኛው በኩል አለፍኩ፤ እንዳታየኝ ብዬ። እኔ ሰላም ሳልልህ አልፌህ የማላውቅ ሰው፣ ሰላም ሳልልህ ገባሁ።

ዘውገ፦ ...ሙጫው ጥሩ ነው። የመኪና መስታወት ይይዛል አሉኝ።

ውድነሽ፦ መስታወት ይይዝ ይሆናል። የረጠበ ጭቃ ግን አይዝም። በሚቀጥለው ክረምት ከነግድግዳው ይመጣል፤ ግድግዳው ሲመጣ ማገሩ አብሮ ይመጣል፤ የእኔም ቤት ማገር ካንተው ጋር የተያያዘ ነው።

ዘውገ፦ ከዚያ ወዲያ "ነግሬህ ነበር" ማለት ስለምትወጂ ያስደስትሻል።

ውድነሽ፦ ከፍርስራሽ ሥር ሆኜ "ነግሬህ ነበር" ብል ማን ይሰማኛል?

ዘውገ፦ ውድነሽ፣ አንቺ ስለ ጭቃ ለእኔ ልትነግሪኝ አትምጪ። ጭቃ ምን እንደሆነ የማውቀው በይመኙሻል እጅ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያንን ግድግዳ ስትመርግ ኖረች። በየጳጉሜው። ከእናንተ ጋር፣ ከዚያ ከጋራ ጉድጓዳችሁ ጭቃ እያወጣች፣ የአንዱ ቤት ቀለም ከአንዱ እንዳይለይ አራታችሁም በአንድ ቀን እንድትጨርሱ እየተባለ፣ በዝናብ፣ በብርድ። ኖራው ጣቶቿን በልቷቸው ሎሚ መጭመቅ አትችልም ነበር። እኔ ነበርኩ የምጨምቅላት። እናንተ ባህላችን ነው ትላላችሁ። እኔ የማውቀው ባህል ማታ ማታ ቫዝሊን ቀብቼ በካልሲ የምጠቀልለው እጅ ነው።

ውድነሽ፦ የእኔም እጅ እንደዚያው ነበር። የሚጠቀልልልኝ ግን አልነበረም።

ዘውገ፦ በየዓመቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለኝ። "በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌው ቁጭ የምልበት ግድግዳ ይኑረኝ።" አንድ ዓመት "እሺ" አልኳት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ። ሌላ ዓመት "እሺ" አልኳት፣ እናቴ ታመመች። ሠላሳ ስምንት "እሺ"። በመጨረሻ ባለፈው ግንቦት አደረግኩላት። ሃያ ሦስት ቀን ጠረገችው። በጠዋት ትነሳና ትጠርገዋለች፣ ከሰዓት አቧራ ነው ብላ ደግማ ትጠርገዋለች። በሃያ አራተኛው ቀን ጠዋት ጨርቋን እንደያዘች ልቧ ቀጥ አለ። አሁን ያንን ግድግዳ በመዶሻ አውርድ ትይኛለሽ።

ውድነሽ፦ እልሃለሁ።

ዘውገ፦ በይ እንግዲህ፣ ቀጥዪ። የመጣሽበትን አምጪው። "ይመኙሻል ሴራሚኩን በልቧ አልወደደችውም፣ አንተ እንዳይከፋህ ብላ ነው፣ ለእኔ ግን በምስጢር ነግራኛለች" በዪኝ። ከደብረ ዘይት እስከዚህ ስመጣ መልሱን አዘጋጅቼለታለሁ።

ውድነሽ፦ ወዳዋለች።

ዘውገ፦ ምን?

ውድነሽ፦ ወዳዋለች። እንደ ነፍሷ ነበር የምትወደው። ሐዋሳ ድረስ ደውላ ነው የነገረችኝ። ልጄ ገና አምጣ መውለዷ ነው፣ "እንኳን ማርያም ማረቻት" ካለችኝ በኋላ አሥር ደቂቃ ሙሉ ስለ ሴራሚክ። ተናድጄ ልዘጋባት ነበር። ስመለስም በረንዳው ላይ ጨርቋን ይዛ ቆማ "ውድዬ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ነይ" አለችኝ። በረንዳ ላይ! ጎዳና ዳር! ባዶ እግሬን ቆሜ አደነቅኩላት። አስቀያሚ ነው አላልኳትም። አስቀያሚ ነው፤ ግን ወዳዋለች። ልዋሽህ አልመጣሁም።

ዘውገ፦ በስልክ ምን አለችሽ?

ውድነሽ፦ ብዙ ነው የምታወራው፣ ታውቃት የለ?

ዘውገ፦ ምን አለችሽ አልኩ?

ውድነሽ፦ "ጠርጌ ስጨርስ ፊቴ ይታየኛል፤ ዘውገ ከኋላዬ ሲመጣም ሳልዞር አየዋለሁ" አለችኝ።

ዘውገ፦ ...ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?

ውድነሽ፦ ስልክ አታነሳማ።

ዘውገ፦ የሞተችው እኮ በሰኔ ነው። ጎረቤቴ ነሽ። ግድግዳውን ብታንኳኪው ይሰማኝ ነበር።

ውድነሽ፦ አልቻልኩም። ስለሷ አፌን ስከፍት ለቅሶ ይቀድመኛል። ካንተ ጋር መጨቃጨቅ ይቀለኛል። አንተም እንደዚያው ነህ።

ዘውገ፦ ስብሰባቸው ገና ነው?

ውድነሽ፦ ማንኪያው ዝም ብሏል። ሊወጡ ነው መሰለኝ።

ዘውገ፦ እስቲ ያንን ደብዳቤ አምጪው።

ውድነሽ፦ አንብቤልህ የለ?

ዘውገ፦ "አንደኛ" ብለሽ ነው ያነበብሽው። እኔ አርባ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። "አንደኛ" የሚል ደብዳቤ "ሁለተኛ" ሳይል አይቆምም። መነጽሬን ላውጣ። አምጪው እንጂ፣ ምን ወደ ቦርሳ ትከቻለሽ?

ውድነሽ፦ እንካ። እንዳትቀደው።

ዘውገ፦ "አንደኛ፤ በአቶ ዘውገ ቤት..." ይሄን ሰምተናል። "ሁለተኛ..." ኧረ! ኧረ ውድነሽ! "ሁለተኛ፤ የወይዘሮ ውድነሽ የፊት በረንዳ በብሎኬት ተዘግቶ ለልብስ ስፌት የተሠራው ክፍል ይፍረስ፤ በረንዳውም እንደ ቀድሞው ይከፈት።" ይሄን መስመር ብል በልቶብሽ ነው ያላነበብሽው?

ውድነሽ፦ አንብብ፣ አንብብ። ጨርስ።

ዘውገ፦ ወይ ጉድ! እኔ እዚህ የሚስቴን ሐዘን እየዘረዘርኩ ታዝኚልኛለሽ ብዬ! ያ ብሎኬት ሠላሳ ዓመቱ ነው። የእኔ ሴራሚክ ገና ጥርስ አላወጣም። ያቺ ጠባብ መስኮትሽስ? ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን በማን በር ቆመ፣ ማን የሰው ደብዳቤ ከበር ሥር አወጣ፣ ሁሉ የሚታይባት! ሰፈሩ ካሜራ አስገቡልን ሲል "ወይዘሮ ውድነሽ እያለች ለምን" ተብሎ ነው እኮ የቀረው። "ጭቃ ይተነፍሳል"፣ "ግድግዳው አልቦታል"፣ "ቤታችን በል"! ያንቺ ብሎኬት በአፍንጫው ነው የሚተነፍሰው? የእኔ ይፍረስ፣ ያንቺ ይቆይ፣ እንደዚያ ነው አይደል? ለዚህ ነው ደረጃ የወጣሽው? በይ እስቲ መልሺልኝ።

ውድነሽ፦ ጨረስክ?

ዘውገ፦ ለጊዜው።

ውድነሽ፦ ፈርሷል።

ዘውገ፦ ምኑ?

ውድነሽ፦ ክፍሉ። ባለፈው ሮብ። አንተ ሐይቅ ስታይ።

ዘውገ፦ አትቀልጂ።

ውድነሽ፦ እንደመጣህ ቤት ብትገባ ታየው ነበር። ሁለት ሰው አስመጥቼ በአንድ ቀን ነው ያወረዱት። ብሎኬቱ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ሦስቱን ልጆቼን ያሳደግኩበት ክፍል ነው። ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ የቆምኩበት ክፍል ነው። አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሠራተኞቹ ደነገጡ፤ አንደኛው "እማማ፣ እንመልሰው እንዴ?" አለኝ። እጁ ላይ የያዘው ግማሽ ብሎኬት ነው።

ዘውገ፦ የስፌት መኪናሽስ?

ውድነሽ፦ አልጋዬ እግር ሥር ነው። አልጋው ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ። ጨርቅ የምዘረጋው ትራሴ ላይ ነው። ባለፈው ሌሊት ልብሴ ላይ መርፌ ተሰክቶ አደረ።

ዘውገ፦ ሰዎቹንስ የት ነው የምትለኪያቸው?

ውድነሽ፦ በረንዳ ላይ። ዓርብ ዕለት አንዷን ስለካ ሰፈሩ ሙሉ የወገቧን ልክ አወቀ። ከእንግዲህ የምትመለስ አይመስለኝም።

ዘውገ፦ ታዲያ መጀመሪያ ለምን አልነገርሽኝም? እንደዚያ ስሰድብሽ ዝም ብለሽ ትሰሚኛለሽ?

ውድነሽ፦ ደስ ብሎህ ነበር። ከሰኔ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼ አላውቅም። ደግሞ መጀመሪያ ብነግርህ "እኔ ስላፈረስኩ አንተም አፍርስ" የምልህ ነበር የሚመስልህ። እንደዚያ አልልህም። እኔ ያፈረስኩት ብሎኬት ነው፤ አንተ የምታወርደው እሷን ነው። እኩል አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ብሎኬቴ ኋላ ተቀምጬ በመስኮቴ እያየሁህ ያንተን አውርድ ለማለት አፍ አልነበረኝም። በቃ፣ ለዚህ ነው።

ዘውገ፦ ሲወርድ ይሰባበራል። በሲሚንቶ ነው የተያዘው።

ውድነሽ፦ ይሰባበራል።

ዘውገ፦ አንድ ሁለት እንኳ አይተርፍም?

ውድነሽ፦ ከወደቁት ሦስቱ በቀር የሚተርፍ አይመስለኝም። ይተርፋል ብልህ ደስ ይለኝ ነበር።

ዘውገ፦ ሌላ ጊዜ ትዋሺያለሽ፤ ዛሬ ብቻ እውነት ያዘሽ።

ውድነሽ፦ በሩ ተከፈተ። "አቶ ዘውገ፣ ማመልከቻዎትን ይዘው ይግቡ" እያለህ ነው ልጁ። ተነስ እንግዲህ፤ እኔ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ተጠርተሃል እኮ፣ ምን ወረቀቱን ታጥፋለህ?

ዘውገ፦ የለም ልጄ፣ እኔ ጉዳይ የለኝም። ይቺን ሴትዮ አጅቤ ነው የመጣሁት፤ ቀጣዩን አስገባ።